ያቺ የምትበር መኪና የማን ናት?

በቻይናዋ ቼንግዱ ከተማ አንዲት ክብ መኪና፣ ጎማ ሳይኖራት፣ ከአስፋልቱ ብድግ ብላ ትንሳፈፋለች። ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም፤ ውስጧ አንድ አባትና አንዲት እናት ተቀምጠዋል። በከተማው መንገድ ታልፋለች፣ የሚጋጫት ነገር ሲመጣ ራሷ ትቆማለች። ቪዲዮው የወጣው በ2012 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬም ድረስ ይዞራል። እኔ ዘንድ በስልክ እየተላከ የሚመጣው «ቻይና የምትበር መኪና አወጣች» ከሚል የአማርኛ ጽሑፍ ጋር ነው።

እንዲህ ያለች መኪና የለችም። ምስሉ የቮልስዋገን ማስታወቂያ ነው። ኩባንያው በ2011 ቻይና ውስጥ የሕዝቡን ሐሳብ የሚሰበስብበት ዘመቻ ጀምሮ፣ የወደፊቷ መኪና ምን ብትመስል እንደሚወዱ ሰዎችን ጠየቀ። ከ100 ሺህ በላይ ሐሳብ መጣለት። ከመጡት መካከል የአንዲት የቼንግዱ ወጣት ሐሳብ ተመርጦ በኮምፒውተር ነፍስ ተዘራበት፤ በፊልሙ ተሳፋሪ የሆኑትም ወላጆቿ ናቸው። ቮልስዋገን መኪናዋ በሐሳብ ደረጃ ያለች መሆኗን አልደበቀም። የዘመቻው ስም፣ የኩባንያው ዓርማ፣ የወጣቷ ታሪክ፣ ሁሉም ከቪዲዮው ጋር አብረው ወጥተዋል። ቪዲዮው እየተቆራረጠ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ግን እነሱ መንገድ ላይ ቀሩ፤ እኛ ዘንድ የደረሰችው መኪናዋ ብቻዋን ናት።

የምተዳደረው ቪዲዮ በማቀናበር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሳሙናው፣ ለባንኩ፣ ለሪል እስቴቱ ማስታወቂያ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ድምፅና ግራፊክስ እጨምራለሁ። በዚህ የተነሳ ዘመድ ወዳጁ ያጠራጠረውን ቪዲዮ ሁሉ ለእኔ ይልካል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እውነት ነው ወይስ ቅንብር?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ መምጣት ያለበት ይመስለኛል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ናት? ማን ሠራት? ማን ከፈለባት? ምን ልትሸጥልን መጣች?» የሚለው ነው። ይህ ከተመለሰ የቅንብሩ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይፈታል።

ጋዜጣ የሸጠው ፊኛ

የሚበር ነገር አሳይቶ ሰው መሰብሰብ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ኤፕሪል 13 ቀን 1844 ኒውዮርክ ውስጥ «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ ሞንክ ሜሰን የተባለ እንግሊዛዊ በፊኛ ተሳፍሮ አትላንቲክ ውቅያኖስን በሦስት ቀን ማቋረጡን አበሠረ። ያረፈው ደቡብ ካሮላይና፣ ከቻርለስተን ከተማ አጠገብ ባለች ደሴት ነው ተባለ። ዘገባው የፊኛውን ልክ፣ የመቅዘፊያውን አሠራር፣ የተጓዦቹን የቀን ማስታወሻ ሳይቀር ይዟል።

ጸሐፊው ዝነኛው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ነበር፤ ጉዞውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈጠራ። ሞንክ ሜሰን ግን በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። በ1836 ከለንደን ተነሥቶ ጀርመን ምድር ካረፈው ፊኛ ላይ ከተሳፈሩት አንዱ እሱ ነው። ፖ የታወቀ ስም፣ የተለካ ቁጥርና የሰው ማስታወሻ የሚመስል ጽሑፍ አንድ ላይ አዋህዶ ማንም ያልሠራውን ጉዞ አሳመነበት። ጋዜጣው ማስተባበያ ያወጣው ከሁለት ቀን በኋላ፣ እትሙ ከተሸጠ ወዲያ ነው። አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በአየር ያቋረጠው የመጀመሪያው በራሪ፣ አር 34 የተባለው የእንግሊዞች የአየር መርከብ፣ የበረረው በ1919 ነው። በወሬውና በሥራው መካከል 75 ዓመት አለ።

የዘመናችን የሚበሩ ነገሮች ቪዲዮ ሲወጣም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። የታወቀ ስም ይቀድማል፣ ቁጥር ይከተላል፣ ሕዝቡ ይነጋገርበታል፣ ማስተባበያው ዘግይቶና አንሶ ይመጣል።

ማሳመሩ ሳይሆን ማበላሸቱ

በማርች 2012 ያርኖ ስሜትስ የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ ሰፋፊ ክንፎች እያርገበገበ በሄግ ከተማ መናፈሻ ላይ ሲበር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ሰውየው ከዚያ በፊት ለወራት የሥራውን ሂደት በኢንተርኔት ሲያሳይ ቆይቷል። ክንፉን የሚያዝዘው ከቪዲዮ ጌም መቆጣጠሪያና ከሞባይል ስልክ በወሰደው የእንቅስቃሴ ሴንሰር እንደሆነም አስረድቷል። በቀናት ውስጥ ሰውየው ሆላንድ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ያርኖ ስሜትስ የሚባል መሐንዲስ እንደሌለ ተናገረ። እሱ ፍሎሪስ ካይክ የተባለ የፊልምና የአኒሜሽን ባለሙያ ነው፤ ታሪኩን ለማቀነባበር ስምንት ወር ፈጅቶበታል።

ይህን የመሰለ ሥራ በእኛ ሙያ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። መጀመሪያ ቦታው ባዶውን ይቀረጻል። ቀጥሎ ሰውየው ወይም መኪናው ያለበት ይቀረጻል፤ ወይም በኮምፒውተር ተሠርቶ በባዶው ቀረጻ ላይ ይቀመጣል። ሶፍትዌሩ የካሜራውን እንቅስቃሴ ተከትሎ የተጨመረውን ነገር ከመሬቱ ጋር አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች ታይቶ ብርሃንና ጥላ ይሰጠዋል። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ይገምታል። ብዙ ሰው የማይገምተው የመጨረሻውን ደረጃ ነው፤ እሱም ምስሉን ማበላሸት ነው። እጅ የሚንቀጠቀጥ ይመስል ካሜራው ይነቃነቃል፣ ትኩረቱ ለአፍታ ይደበዝዛል፣ ዋናው ነገር ከፍሬም ይወጣና ይመለሳል፣ ጥራቱ ዝቅ ይደረጋል። የጠራ ምስል ማስታወቂያ ይመስላል፤ የተበላሸ ምስል ግን አንድ መንገደኛ በስልኩ ድንገት የቀረጸው ይመስላል። ስለዚህ የቀረጻ መጥፎነት የእውነት ምስክር አይደለም።

ሁሉም ደግሞ በኮምፒውተር አይሠራም። በ2012 መጀመሪያ «ክሮኒክል» የተባለውን ፊልም ለማስተዋወቅ ቲንክሞዶ የተባለ ድርጅት የሰው ቅርጽ ያላቸው፣ በሪሞት የሚታዘዙ ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ሠርቶ በኒውዮርክ ሰማይ አበረራቸው። ከሩቅ ላየ ሰው ሰዎች የሚበሩ ይመስላል። ካሜራው ፊት የነበረው ነገር በእርግጥ በርሯል፤ ሰው ግን አልነበረም።

በማርች 2014 የወጣው የሚንሳፈፍ ስኬትቦርድ (ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ) ደግሞ ሌላ መንገድ ተከተለ። ቪዲዮው የሚታየው ሁሉ ሙሉ በሙሉ እውነት መሆኑን በጽሑፍ ገልጾ ይጀምራል። ዝነኛው የስኬትቦርድ ተወዳዳሪ ቶኒ ሆክ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ በአየር ሲንሸራተት ይታያል። «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» በተባለው ፊልም የሳይንቲስቱን ቦታ የተጫወተው ክሪስቶፈር ሎይድም አለበት። ሰዎቹ የተንጠለጠሉት በገመድ ነው፤ ገመዱ በኮምፒውተር ከምስሉ ተፍቋል። ሥራው «ፈኒ ኦር ዳይ» የተባለ የኮሜዲ ድርጅት መሆኑ በቀናት ውስጥ ታወቀ፣ ቶኒ ሆክም ይቅርታ ጠየቀ። ለማመን የተዘጋጀ ሕዝብ ግን ከ25 ዓመት በፊት ጀምሮ ነበረ። የፊልሙ ዳይሬክተር ሮበርት ዜሜኪስ በ1989 ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ፣ በዚያ የሚታየው ተንሳፋፊ ሰሌዳ ከድሮም የነበረና የወላጆች ማኅበራት እንዳይሸጥ ያገዱት እንደሆነ በቴሌቪዥን ለቀልድ ተናግሮ፣ ብዙ ልጆች የምር አምነውት ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በአክብሮት የማነሣው ቢቢሲ ኤፕሪል 1 ቀን 2008 ያወጣውን ነው። የአንታርክቲካ ፔንግዊኖች ከበረዶው ተነሥተው ሲበሩና ወደ አማዞን ደን ሲሰደዱ ያሳያል፤ አቅራቢው ቴሪ ጆንስ ነው። ማስታወቂያነቱ ለቢቢሲ የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎት ነበር። የባለቤቱ ስም አልተሸሸገም፣ ቀኑም በአገሩ ሰው ሁሉ የታወቀ የማታለያ ቀን ነው፤ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ሌላ ቪዲዮም ወጥቷል። ማስታወቂያ ሰውን ማስደነቅ መብቱ ነው። የተደነቀው ሰው ምን እያየ እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የእሱ መብት ነው።

ለምን ይከፈልበታል?

አንድ ደንበኛ መጥቶ የነገረኝን ብጽፍ ነገሩ ይገለጣል። ከተማው ውስጥ ያልተፈጠረ ነገር እንደተፈጠረ አድርገን በስልክ የተቀረጸ የሚመስል ቪዲዮ እንድንሠራለት ፈለገ። «ሰው እውነት ነው፣ ቅንብር ነው እያለ ይከራከር። ሲጦፍ የእኛ መሆኑን እንናገራለን» አለኝ።

«ያን ጊዜ የሚሰማን ማን ነው ጌታዬ?» አልኩት።

«እሱ ችግር የለውም፤ ስማችን አንዴ ይነሣ።»

ሥራውን አልወሰድኩም፤ የሰውየው ስሌት ግን በገበያው ዓይን ስህተት አልነበረም። የቴሌቪዥን ሰዓት በሰከንድ ይገዛል። ሰው እርስ በርሱ የሚልከው ቪዲዮ ግን ለአየር ሰዓት ገንዘብ አይጠይቅም፤ አከፋፋዩ ተመልካቹ ነው። እንዲከፋፈል ደግሞ ከውበት ይልቅ ክርክር ያስፈልገዋል። «እውነት ነው» የሚለውም «ቅንብር ነው» የሚለውም ኮሜንት ይጽፋሉ፣ ሁለቱም ለሌላ ሰው ይልካሉ። የማኅበራዊ ሚዲያው አሠራር አማኙንና ተጠራጣሪውን ለይቶ አይቆጥርም፤ ብዙ ሰው የተነጋገረበትን ወደ ላይ ያወጣል።

ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣና በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። አጥኚዎቹ ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሠራጩ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን መረመሩ። ሐሰተኛው ዜና በሌሎች የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሐሰተኛው ሰምተነው የማናውቀው አዲስ ነገር ስለሚሆን ሰውን ይበልጥ ያስገርማል፤ የተገረመ ሰው ደግሞ ሳያጋራ አያልፍም። የምትበር መኪና ለዚህ የተፈጠረች ናት። ሁሉም ሰው ትራፊክ ሰልችቶታል፣ ሁሉም ሰው በልጅነቱ ስለ መብረር አልሟል፣ በየትኛውም ቋንቋ ያለ ሰው ማብራሪያ ሳይፈልግ ይገባታል።

አቧራው የት ሄደ?

ቪዲዮውን ለመመርመር የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መሬቱን ማየት ይበቃል።

አንድ ቶን የሚመዝን ነገር አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከተፈለገ፣ አየርን በዚያው ክብደት ልክ ወደ ታች መግፋት ግድ ነው። የሚሽከረከረው ክንፍ ሰፊ ሲሆን ብዙ አየር በዝግታ ይገፋል፤ የሄሊኮፕተር ክንፍ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ማራገቢያው እያነሰ ሲሄድ ጥቂቱን አየር በኃይለኛ ፍጥነት መግፋት አለበት። ጉልበት ይበላል፣ ይጮኻል፣ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይበትናል። ስለዚህ መኪና ከመንገድ ላይ ቀጥ ብላ ስትነሣ ካያችሁ አቧራውን እዩ። ሣሩ ተኝቷል? አጠገቧ የቆመችው ሴት ነጠላ ተነቃነቀ? የተጣለ ፌስታል በረረ? ድምፁስ ወዴት ሄዶ ነው ሙዚቃ የተተካበት? ነፋሱን በኮምፒውተር መጨመር ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው፣ ብዙዎች ይዘሉታል።

ሁለተኛው ነገር ጉልበቱ ነው። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ስለ ባትሪ የማይነጋገር ባለመኪና የለም፤ ስለዚህ ይህ ስሌት ለብዙ አንባቢ ቅርብ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት አለው። ዛሬ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚገጠመው ባትሪ በኪሎ ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሞተር ከቤንዚኑ ጉልበት አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነው እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። መሬት ላይ ባትሪው ሲከብድ ጎማው ይሸከመዋል። አየር ላይ ግን እያንዳንዱን ኪሎ የሚሸከመው ያው ባትሪ ነው። በባትሪ ቀጥ ብላ ተነሥታ፣ አራት ሰው ይዛ፣ ቀኑን ሙሉ ስትበር የምትውል መኪና የሚያሳይ ቪዲዮ ስታዩ ይህን ስሌት አስታውሱ።

«በማግኔት ነው» የሚባለውም ቅድመ ሁኔታ አለው። በ2015 ሌክሰስ የተባለው የመኪና ኩባንያ ባርሴሎና አጠገብ የሚንሳፈፍ ስኬትቦርድ አሳይቷል፤ ሰሌዳው በእርግጥ ተንሳፍፏል። ውስጡ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች ወደ 197 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ልዩ ቁስ አለ፤ ከመንሸራተቻው ሥር ደግሞ 200 ሜትር የሚሆን የማግኔት ሐዲድ ተቀብሯል። ሐዲዱ ካበቃ መንሳፈፉም ያበቃል። ኩባንያው ይህን ተናግሯል። ቪዲዮውን በ15 ሰከንድ ቆርጦ የሚያጋራው ሰው ግን ከመሬት ሥር ያለውን አይነግረንም። ከምስሉ ሐሰት የሆነ ነገር ሳይኖር ተመልካቹ የሐሰት እምነት ይዞ ይሄዳል።

ገንዘብ ሲጠየቅ

እስካሁን ያነሣኋቸው ቪዲዮዎች ከተመልካቹ የወሰዱት ጊዜውን ነው። ከዚህ የሚብሰው ተስፋው በገንዘብ ሲሸጥ ነው።

ፖል ሞለር በካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተማረ መሐንዲስ ነው። «ስካይካር» የተባለች፣ ቀጥ ብላ ተነሥታ የምትበር ቀይ መኪና ለመሥራት ለአሥርተ ዓመታት ደከመ። የመኪናዋ ፎቶ እጅግ ያምራል፤ በየመጽሔቱ ታትሟል። በ2005 ኒማን ማርከስ የተባለው የቅንጦት መደብር በገና ካታሎጉ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር አቅርቧት ነበር። መኪናዋ ግን ሠሪው ከተናገረላት በረራ አንዱንም አላሳየችም። የታየው ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍ ብላ፣ ለጥንቃቄ በገመድ ታስራ ስትንሳፈፍ ነው።

በ2003 የአሜሪካ የአክሲዮንና የገንዘብ ሰነዶች ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሞለርንና ኩባንያውን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ኩባንያው ያልተመዘገበ አክሲዮን ከ500 ለሚበልጡ ሰዎች ሸጦ ወደ 5.1 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል፤ ስለ መኪናዋ የወደፊት ሽያጭና ስለ አክሲዮኑ ዋጋም የሚያሳስት ነገር ተናግሯል። ጉዳዩ ሞለር ጥፋቱን ሳያምን ሳይክድ፣ 50 ሺህ ዶላር ቅጣት ከፍሎ በስምምነት ተዘጋ። ሰውየው በሥራው ያምን ይሆናል፤ የልፋቱን ርዝመት ለሚያይ እንዲያ ይመስላል። ግን ሠሪው ስላመነ ገዢው ማወቅ ያለበት አይቀነስም። የስካይካር ምስሎች ዛሬም ያለ ቀንና ያለ ክሱ ታሪክ ይጋራሉ።

ዛሬ ደግሞ ወረቀት ራሱ ማስታወቂያ ሆኗል። በ2023 አሌፍ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ከአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ልዩ የበረራ ብቃት ማረጋገጫ ሲያገኝ «የመጀመሪያዋ የምትበር መኪና ተፈቀደች» የሚል ዜና ዓለምን ሞላ። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለሙከራና ለትዕይንት ነው፤ የት ቦታና ለምን ዓላማ እንደሚበረርም ይገድባል። ኩባንያው ዋጋዋን 300 ሺህ ዶላር ብሎ፣ ተራ ከሚይዙ ሰዎች 150 ዶላር ማስያዣ ይቀበላል። በ2025 በተዘጋ መንገድ ላይ የቆመች መኪናን ዘልላ ስታልፍ የታየችውም የተቃለለች የሙከራ ሞዴል ናት። ይህን ሁሉ ኩባንያው ራሱ ይናገራል። ግን «ለሙከራ» የምትለውን ቃል የጣለ አርዕስት ያነበበ ሰው ነገ ገበያ ላይ የምትቆም መኪና ይጠብቃል።

ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ በ2017 «ወንድምዬ፣ እዚህስ ታክሲው በሰማይ ሊሆን ነው» ብላ መልእክት ላከችልኝ። ከራሷ የፈጠረችው አልነበረም። የከተማዋ የመንገድና ትራንስፖርት ኃላፊ ኢሃንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሰው የሚይዝ ድሮን በዚያው ዓመት ጁላይ ሥራ እንደሚጀምር በፌብሩዋሪ አስታውቀው ነበር። ጁላይ መጣ፣ አገልግሎቱ አልመጣም። በሴፕቴምበር ቮሎኮፕተር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በከተማዋ ሰው ያልያዘ የሙከራ በረራ አደረገ፤ በ2022 ኤክስፔንግ የተባለው የቻይና ኩባንያም እንዲሁ ሰው ያልያዘ በረራ አሳየ። ቮሎኮፕተር በ2024 መጨረሻ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለፍርድ ቤት አመለከተ። ሙከራ፣ ማስታወቂያና አገልግሎት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በስልካችን ላይ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ቪዲዮ ሆነው ይቀርባሉ።

የበረሩትስ?

የምትበር መኪና ፈጽሞ ተረት ናት ማለትም ሌላ ሐሰት ነው። በአሜሪካ ሞልተን ቴይለር የሠራት «ኤሮካር» በ1949 በረረች፣ በ1956 የመንግሥት ማረጋገጫ አገኘች። የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ በሰፊው የሚያመርታቸው አልተገኘም። በስሎቫኪያ የሽቴፋን ክላይን «ኤርካር» በጁን 2021 ከኒትራ ወደ ብራቲስላቫ 35 ደቂቃ በረረች፤ ካረፈችም በኋላ ክንፏን አጥፋ በጎማዋ ወደ ከተማ ገባች። በ2022 መጀመሪያ፣ ከ70 ሰዓት የሙከራ በረራና ከ200 በላይ መነሣትና ማረፍ በኋላ የአገሯን የበረራ ብቃት ማረጋገጫ አገኘች። ለመነሣት ማኮብኮቢያ ትፈልጋለች፣ ሞተሯ በነዳጅ ይሠራል፣ የሚያበርራትም የአብራሪነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከትራፊክ መሐል ብድግ ብላ አትሄድም። የእርሷን ቪዲዮ ስታዩ ማኮብኮቢያውንና ድምፁን ታገኛላችሁ፤ እውነተኛ ሥራ የሚጠይቀውን ነገር ከፍሬም አያስወጣም።

ዋጋውን በሕይወታቸው የከፈሉም አሉ። ሄንሪ ስሞሊንስኪና ሃሮልድ ብሌክ የፎርድ ፒንቶ መኪናን ከሴስና አውሮፕላን ክንፍ ጋር አጋጥመው «ሚዛር» የተባለችውን ሠሩ። በሴፕቴምበር 1973 በካሊፎርኒያ በሙከራ ላይ ሳሉ ወድቃ ሁለቱም ሞቱ። በገመድ የተንጠለጠለ ተዋናይ «ይሄው ተሳካ» ብሎ ሲያስጨበጭብ የሚያስከፋኝ እነዚህን ሰዎች ሳስብ ነው። የሰው ልጅ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደተጓዘና ምን እንደቀረው እናውቅ ዘንድ ይገባናል፤ ቅንብሩ ያቀለለው የእነሱን ድካም ነው።

ስሙን አትቁረጡ

ወደ እኛ ስመለስ፣ ቪዲዮዎቹ የሚደርሱን ባለቤታቸው ተፍቆ ነው። ማስታወቂያ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፤ የሚያጋራው ሰው ወይ አላነበበውም፣ ወይ ሆን ብሎ ቆርጦታል። ከላዩ የአማርኛ ድምፅ ይጨመርበታል፣ ዓመቱ ይጠፋል፣ የ2012ቱ ማስታወቂያ የዛሬ ዜና ይሆናል። ከጠርሙሱ ላይ ወረቀቱ የተላጠ መድኃኒት ማንም ሰው ለልጁ አይሰጥም። ባለቤቱና ቀኑ የተላጠ ቪዲዮ ግን ለቤተሰብ ሁሉ እናድላለን።

የአገራችን ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በእኛ አቆጣጠር በ2004 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅም ያዝዛል። ዩቲዩብም በ2024 እውነት የሚመስል ነገር በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሠራ ሰው ይህንኑ እንዲያሳውቅ ግዴታ አድርጓል። ካይክን ስምንት ወር የፈጀበትን ዓይነት ሥራ ዛሬ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ በደቂቃዎች ያገኛል። ጥላው ልክ ነው፣ አቧራውም ይነሣል፣ ድምፁም አለ። ከዚህ በኋላ ዓይን ብቻውን አይበቃንም፤ መሬቱን ማየት ነገ አያድነን ይሆናል። የሚያድነን ባለቤቱን መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለተመልካቹ የምለው አጭር ነው። ቪዲዮው ሲደርሳችሁ ከማጋራታችሁ በፊት የሠሪውን ስም ፈልጉ፤ አንዱን ምስል በስልካችሁ ቀርጻችሁ በጉግል የምስል ፍለጋ ብታስገቡ መጀመሪያ የወጣበት ዓመት ብዙ ጊዜ ይገኛል። «ፈቃድ አግኝታለች» ከተባለ የትኛው መንግሥት፣ ለምን ዓላማ እንደሰጠ ጠይቁ። ማስያዣ ክፈሉ ከተባላችሁ ደግሞ ሰው አሳፍራ ስትበር ያያት ገለልተኛ አካል ማን እንደሆነ ሳታውቁ አንድ ብር አታውጡ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ግን ከዚህ ይከብዳል። የውጭ ቪዲዮ ወስደን አማርኛ ድምፅ ስንጨምርበት ከተመልካቹ በፊት የባለቤቱን ስም፣ ዓመቱንና ማስታወቂያነቱን የምናየው እኛ ነን። መቁረጫው ያለው በእኛ እጅ ነው። ስሙንና ዓመቱን ከስክሪኑ ግርጌ ማኖር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ «ይህ ማስታወቂያ ነው» ብሎ በአማርኛ መናገርም ከሦስት ቃል አያልፍም። አማርኛ ተናጋሪው የሚያየውን ነገር ማንነት የማወቅ መብቱ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው አያንስም፤ ያን መብት መንገድ ላይ የምንጥልበት እኛው መሆን የለብንም።